ቴብሉን በዲቭ ተካሁት፣ ገጹ ተበታተነ

ጥያቄ፦ «የመጨረሻ ዓመት የአይቲ ተማሪ ነኝ። መርካቶ ላለው ለወንድሜ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ድረ ገጽ እየሠራሁለት ነው። ክፍል ውስጥ በተማርነው መሠረት ገጹን በአንድ ትልቅ ቴብል (ሠንጠረዥ) አዋቀርኩት። ላይ አርማውና የሱቁ ስም፣ በግራ ማውጫ፣ መሃል ዕቃዎቹና የዋጋ ዝርዝሩ፣ ታች አድራሻ። ኮምፒዩተር ላይ ያምራል። ስልክ ላይ ግን ሁሉም ነገር ደቅቆ ነው የሚታየው፣ በጣት ካላሰፉት አይነበብም። አንድ ጓደኛዬ ‹ቴብል ሐራም ነው፣ ሁሉንም በዲቭ (በተራ ሳጥን) ተኪው› አለኝ። ተካሁት፣ ገጹ ብትንትኑ ወጣ። የዋጋ ዝርዝሩንም በዲቭ ስሠራው ዋጋዎቹ ከዕቃዎቹ ጋር አልገጥም አሉ። ቴብል በእርግጥ ጊዜው አልፎበታል? ገጹን ያከብደዋል ይባላል፣ እውነት ነው? ጎግልስ ቴብል የተጠቀመን ገጽ ወደ ታች ያወርዳል? ወንድሜ ለደንበኞቹ በኢሜይል የሚልከው የቅናሽ ማስታወቂያስ በምን ይሠራ?»

ምላሽ፦

ጓደኛሽ የነገረሽ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ለከንቱ ልፋት ዳርጎሻል። ጥያቄሽ ውስጥ የተለያዩ ችግሮች ተደባልቀዋል፣ ጥፋቱ ሁሉ የተጫነው ደግሞ ቴብል ላይ ነው።

ከደቀቀው ጽሑፍ እንጀምር። እዚህ ላይ ዋናው ጥፋተኛ ቴብሉ አይደለም። አይፎን በ2007 ሲወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው) የነበሩት ድረ ገጾች ለኮምፒዩተር ስክሪን የተሠሩ ነበሩ። አፕል አንድ መላ ዘየደ። የስልኩ ብራውዘር 980 ፒክስል ስፋት እንዳለው ሆኖ ገጹን ይደረድራል፣ ከዚያ ጠቅላላውን አሳንሶ ስክሪኑ ላይ ያሳያል። አንድሮይድም ያንኑ መንገድ ተከተለ። ልማዱ እስከ ዛሬ አለ። ገጹ «እኔ ለስልክም ተዘጋጅቻለሁ» ካላለው ብራውዘሩ እንደ ድሮው ያሳንሰዋል።

ይህን የሚነግረው አንድ መስመር ነው። ሄድ በሚባለው የገጹ ክፍል ውስጥ ስሙ ቪውፖርት የሆነ ሜታ ታግ (ስለ ገጹ ለብራውዘሩ የሚናገር የኮድ ምልክት) ታስገቢያለሽ። ኮንቴንቱ ላይ ደግሞ ዊድዝ ከዲቫይስ ዊድዝ ጋር እኩል እንዲሆን ትጽፊያለሽ። ይህ መስመር ከሌለ በሲኤስኤስ (የገጹን መልክና አቀማመጥ በሚወስነው ቋንቋ) ተውቦ የተሠራ ገጽም ልክ እንደ ቴብሉ ይደቃል። ወደ ዲቭ ከቀየርሽው በኋላም ጽሑፉ ስልክ ላይ ደቃቃ ከሆነብሽ ምክንያቱ ይኸው ነው። ስለዚህ ሌላ ነገር ከመንካትሽ በፊት እሱን አስገቢና ገጹን እንደገና ክፈቺው።

ስታስገቢው ግን ሁለተኛው ችግር ብቅ ይላል፣ ይሄኛው የቴብሉ ነው። ገጹ አይደቅም፣ ግን ከስክሪኑ ወደ ቀኝ ሾልኮ ይወጣል። አንድ የቴብል ሴል (የሠንጠረዡ አንድ ቤት) በውስጡ ካለው ረጅሙ ቃል በታች መጥበብ አይችልም። ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ለገጽ የሚሰጡት ስፋት 360 ፒክስል ገደማ ነው። አማርኛ ላይ ነገሩ ይብሳል፣ ምክንያቱም ቃሎቻችን ከፊትም ከኋላም ቅጥያ እየለበሱ ይረዝማሉ። «ለሚያስፈልጓችሁ» ብሎ የሚጀምር ርዕስ ሴል ውስጥ ካስገባሽ ያ አምድ ከዚያ ቃል በታች አይጠብም። ብራውዘሩ የአማርኛን መስመር የሚሰብረው ክፍት ቦታ ላይ ነው፣ ወይም በድሮው አጻጻፍ ሁለት ነጥብ ካለ ከሁለት ነጥቡ በኋላ። ቃል መሃል ገብቶ አይቆርጥም።

አንዳንዱ «ኦቨርፍሎው ራፕን ብሬክ ወርድ አድርጊው» ይልሻል፣ ረጅም ቃልን የሚሰብር የሲኤስኤስ ትእዛዝ ነው። ቴብል ውስጥ ይህ ብዙ ጊዜ ምንም አይለውጥም፣ ምክንያቱም ብራውዘሩ የሴሉን ዝቅተኛ ስፋት ሲያሰላ አሁንም ሙሉውን ቃል ነው የሚቆጥረው። ስሌቱን የሚለውጠው ኤኒዌር የሚለው ዋጋ ነው። ያኔ ግን ቃላቱ እንደመጣላቸው ይቆረጣሉ፣ ለዓይንም ለንባብም አይመችም። ደግሞም ቃላቱ ቢገቡልሽ እንኳ ዋናው ጉዳይ አልተነካም። ቴብል በግራ ያስቀመጥሽውን ማውጫ በግራ ብቻ ነው የሚያውቀው። በጠባብ ስክሪን ላይ ማውጫው ሢሶውን ወስዶ ለዕቃዎቹ ጭላጭ ቦታ ይተዋል። «ስክሪኑ ሲጠብ ማውጫው ወደ ላይ ይውጣ» የሚል ትእዛዝ በቴብል ቋንቋ የለም። በሲኤስኤስ ግን አለ።

ታዲያ ወደ ዲቭ ስትቀይሪው ለምን ተበታተነ? ዲቭ ምንም ስለማይል ነው። ቲዲ (የቴብሉ ሴል ታግ) ለብራውዘሩ ብዙ ነገር ይናገራል፦ ጎረቤቴ አጠገቤ ይቁም፣ ቁመታችን እኩል ይሁን፣ ከላይና ከታች ካሉት ጋር ጠርዛችን ይግጠም። ዲቭ ከነዚህ አንዱንም አያውቅ። ያገኘውን ስፋት ሁሉ ይዞ ከፊተኛው ሥር ይቀመጣል፣ በቃ። ስለዚህ የገጹን ክፍሎች በዲቭ ስትተኪ ሁሉም ከላይ ወደ ታች ተደረደሩ። ገጹ አልተበላሸም። የነበረውን አቀማመጥ አነሳሽለት፣ በምትኩ ግን ምንም አልሰጠሽውም። ጓደኛሽ መናገር የረሳው ይህን ነው፦ የቴብልን ቦታ የሚይዘው ሲኤስኤስ ነው። ዲቭ ባዶ ሳጥን ነው።

በነገራችን ላይ ዲቭ ውስጥ ዲቭ፣ በዚያ ውስጥ ሌላ ዲቭ እየጨመሩ የተሠሩ ገጾች ሞልተዋል። ሠሪዎቻቸው «እኛ ቴብል አንጠቀምም» ብለው ይኩራሩበታል። ቴብል ውስጥ ቴብል እየከተቱ ከመሥራት በምን እንደሚሻል አይገባኝም። ኮዱ ያው ድርድር ነው፣ የትኛው ሳጥን ማውጫ የትኛው ዋና ጽሑፍ እንደሆነ አይናገርም። ሄደር፣ ናቭ፣ ሜይንና ፉተር የሚባሉት ታጎች የመጡት ለዚህ ነው። እነሱን ተጠቀሚ። ዲቭን የምትጠሪው ሌላ ተስማሚ ታግ ስታጪ ብቻ ይሁን።

መምህርሽ በቴብል ያስተማረሽ ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። በ1995 አካባቢ ኔትስኬፕ የተባለው ብራውዘር ቴብል ማሳየት ሲጀምር ጽሑፍን ጎን ለጎን የማቆም ሌላ መንገድ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሆኮን ቪዩም ሊ የሲኤስኤስን ሐሳብ ያቀረበው በ1994 ነው፣ የመጀመሪያው ደረጃ የጸደቀው ደግሞ በ1996 መጨረሻ። መጽደቅና መሥራት ግን ለየቅል ናቸው። ኔትስኬፕ 4 እና የጊዜው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር አንዷን የሲኤስኤስ መስመር እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ይረዷት ነበር። ቴብል ግን ሁለቱም ላይ ተቀራራቢ ሆኖ ይመጣል። ሥራ ማስረከብ ያለበት ሰው ምን ያድርግ? ገጹን ፎቶሾፕ ላይ ይሠራና ምስሉን ቆራርጦ ቁርጥራጩን ሴሎቹ ውስጥ ይሰካል። ክፍተት ሲፈልግ አንድ ፒክስል በአንድ ፒክስል የሆነች የማትታይ የጂፍ ምስል አስገብቶ ስፋቷን ይለጥጣል። በ1999 የወጣው ኤችቲኤምኤል 4.01 (ኤችቲኤምኤል የገጹ ይዘት የሚጻፍበት ቋንቋ ነው) ቴብልን ለአቀማመጥ ብቻ አትጠቀሙበት ብሎ በግልጽ ጻፈ። ማን ሰማው!

ከዚያ ፍሎት የተባለው የሲኤስኤስ ትእዛዝ ዘመን መጣ። በ2003 ዴቭ ሼይ የከፈተው ሲኤስኤስ ዜን ጋርደን የተባለ ገጽ ብዙ ሰው አሳመነ። ኤችቲኤምኤሉ ሳይነካ ስታይልሺቱን (ሲኤስኤሱ የሚጻፍበትን ፋይል) ብቻ በመለወጥ አንዱ ገጽ ጭራሽ የማይመሳሰሉ መልኮች ሲይዝ ታየ። ያኔ ግን አቀማመጡ የቆመው በአመዛኙ በፍሎት ነበር። ፍሎት የተፈጠረው ጽሑፍ በምስል ዙሪያ እንዲጠመጠም ነው። በእሱ ሙሉ ገጽ ማቆም ጃንጥላን ምርኩዝ እንደማድረግ ነው፣ ያስኬዳል ግን ለዚያ አልተሠራም። ታች መሆን ያለበት አድራሻ ሽቅብ ወጥቶ ማውጫው ጎን ይሸጎጣል። ሁለት አምዶች እኩል ቁመት አንይዝም ይላሉ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ዘመን «እኔ ቴብል ይሻለኛል» ያለ ሰው ሞኝ አልነበረም።

ቴብልን ለአቀማመጥ የመጠቀም ሰበብ ያለቀው ፍሌክስቦክስና ግሪድ በሚባሉ ሁለት የሲኤስኤስ የአቀማመጥ ዘዴዎች ነው። ፍሌክስቦክስ ቀድሞ ደረሰ። ግሪድ ደግሞ በመጋቢት 2017 ክሮም፣ ፋየርፎክስና ሳፋሪ ላይ በተመሳሳይ ወር ገባ፣ ኤጅም በዚያው ዓመት ተከተላቸው። ግሪድ ረድፍና አምድ ይሰጥሻል፣ ልክ እንደ ቴብል። ልዩነቱ ረድፉና አምዱ የሚኖሩት ስታይልሺቱ ውስጥ መሆኑ ነው። ስለዚህ ለስልክ አንድ ድርድር፣ ለኮምፒዩተር ሌላ ድርድር መስጠት ትችያለሽ፣ ኤችቲኤምኤሉን ሳትነኪ። ዛሬ የኤችቲኤምኤል መሥፈርት ቴብልን የአቀማመጥ መሣሪያ ማድረግን በግልጽ ይከለክላል። የተማርሽበት ማስታወሻ ከግሪድ በፊት የተጻፈ ከሆነ ውሸት አልነገረሽም፣ ዘግይቶ ነው የደረሰሽ።

አሁን ወደ ዋጋ ዝርዝሩ። ጓደኛሽ ትልቁን ስሕተት የሠራው እዚህ ነው። ቴብል ለአቀማመጥ አይሆንም ማለት ቴብል አይሆንም ማለት አይደለም። መለያው ቀላል ነው። አንዱን ሴል ነጥለሽ አውጪው። 480 የሚል ቁጥር ብቻ አገኘሽ እንበል። ምን እንደሆነ ለማወቅ ወደ ግራ ሄደሽ የዕቃውን ስም፣ ወደ ላይ ሄደሽ የአምዱን ርዕስ ማየት ግድ ከሆነብሽ ያ እውነተኛ ቴብል ነው። የዕቃ ዋጋ፣ የባንክ የምንዛሪ መግዣና መሸጫ፣ የክፍለ ጊዜ ድልድል፣ የቀን መቁጠሪያም ጭምር እንዲህ ናቸው። ሰኞ የሚለው ሥር ያለ 14 ሰኞ መሆኑን የሚነግርሽ አምዱ ነው። የሱቁ አርማና ማውጫ ግን ጎን ለጎን ስለተቀመጡ ብቻ ረድፍና አምድ አይሆኑም። አርማው የምን አምድ ርዕስ ነው?

ዋጋዎቹ አልገጥም ያሉሽም በዚሁ ምክንያት ነው። እንደገመትኩት አንዱን ዲቭ ለዕቃ ስሞች፣ ሌላውን ለነጠላ ዋጋ፣ ሦስተኛውን ለደርዘን ዋጋ አድርገሽ ጎን ለጎን አቁመሻቸዋል። ሁሉም ስም በአንድ መስመር እስካለቀ ድረስ ይገጥማል። «ባለ 100 ቅጠል ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር» የሚለው ስም ቦታ አንሶት ወደ ሁለተኛ መስመር ሲወርድ የስሞቹ ዲቭ በአንድ መስመር ይረዝማል። የዋጋው ዲቭ ግን ይህን አያውቅም። ከዚያ በታች ያለው ዋጋ ሁሉ በአንድ መስመር ከፍ ብሎ ይቀራል። ደንበኛው የእስክሪብቶ ዋጋ አይቶ ደብተር ሊገዛ ይመጣል፣ ወንድምሽም ያስረዳ። ቴብል ውስጥ ይህ አይፈጠርም፣ አንድ ረድፍ ያሉ ሴሎች ሁሉ አብረው ይረዝማሉና።

ስለዚህ ያን ዝርዝር ወደ ቴብል መልሺው፣ ግን በወጉ ሥሪው። ለቴብሉ ርዕስ ካፕሽን ስጪ። ላይኛው ረድፍ በቲሄድ ውስጥ ይግባ፣ ርዕሶቹም ቲዲ ሳይሆኑ ቲኤች (የርዕስ ሴል) ይሁኑ፣ ስኮፓቸውም ኮል ይባል፣ የአምድ ርዕስ ናቸው ለማለት። የዕቃውን ስም የያዘው የመጀመሪያ ሴልም በየረድፉ ቲኤች ይሁን፣ የእሱ ስኮፕ ሮው ነው። ይህን ስታደርጊ ስክሪን ሪደር (ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) የሚጠቀም ዓይነ ስውር ደንበኛ 480 ላይ ሲደርስ ፕሮግራሙ የአምዱንና የረድፉን ርዕስ ሊያነብለት ይችላል። ዋጋዎቹን ወደ ቀኝ አስጠጊያቸው፣ አሃዝ ከአሃዝ ሥር እንዲውል። «ብር» የሚለውን በየሴሉ አትድገሚው፣ አንዴ ርዕሱ ላይ ይበቃዋል።

ዝርዝሩ አራት አምድ ካለው ስልክ ላይ ሊጠበው ይችላል። ቀላሉ መላ ቴብሉን በአንድ ዲቭ ውስጥ አስገብቶ የዚያን ዲቭ ኦቨርፍሎው ኤክስ ኦቶ ማድረግ ነው። ያኔ ቴብሉ ብቻ በጣት ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ገጹ ከቦታው አይነቃነቅም። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፦ ራሱን ቴብሉን ዲስፕሌይ ብሎክ የሚያደርጉ ምክሮች ታገኛለሽ። ዓይን ላይ ይሠራል፣ አንዳንድ ብራውዘሮች ግን ያኔ ቴብል መሆኑን ለስክሪን ሪደሩ መናገር ያቆማሉ። በቲኤች የለፋሽበት ውኃ በላው ማለት ነው።

ቴብል ገጽ ያከብዳል ስለሚባለው ብዙ አትጨነቂ። ብራውዘሩ የአምዶቹን ስፋት ለመወሰን የረድፎቹን ይዘት መመርመር አለበት፣ ይህ እውነት ነው። ለሠላሳና አርባ ዕቃ ግን ልዩነቱን ማንም አያየውም። ዝርዝሩ ሺህ ረድፍ ከደረሰ ቴብል ሌይአውትን ፊክስድ አድርጊውና ለቴብሉ ስፋት ስጪ፣ ስፋቱን ከመጀመሪያው ረድፍ ብቻ ይወስዳል።

የገጹን አጽም እንዲህ ሥሪው። ስታይልሺቱን ለጊዜው እርሺው። ሄደር፣ ናቭ፣ ሜይንና ፉተርን ሰው ሊያነብ በሚገባው ቅደም ተከተል ጻፊና ገጹን በስልክ ክፈቺው። ያለ አንድ መስመር ሲኤስኤስ ከላይ እስከ ታች ይነበባል። የስልኩ ንድፍ ቀለምና ክፍተት ብቻ ነው የቀረው ማለት ነው። ከዚያ ለሰፊ ስክሪን ብቻ የሚሠራ ሚዲያ ኩዌሪ ክፈቺ፣ ለምሳሌ ስፋቱ ቢያንስ 800 ፒክስል ሲሆን። በእሱ ውስጥ አራቱን የያዘውን ሳጥን ዲስፕሌይ ግሪድ በይው። ሁለት አምድ ይኑረው፦ ለማውጫው 220 ፒክስል፣ ለዋናው ክፍል ደግሞ ሚንማክስ ሆኖ ዝቅተኛው ዜሮ፣ ከፍተኛው 1 ኤፍአር (ከተረፈው ቦታ አንድ ድርሻ)። ሄደሩና ፉተሩ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው እንዲዘረጉ ግሪድ ኮለማቸውን ከ1 እስከ ኔጌቲቭ 1 አድርጊው። አለቀ። ያ ትልቅ ቴብልሽ ይሠራው የነበረው ሥራ ይኸው ነበር።

ለምን ሚንማክስ እንጂ ነጠላ 1 ኤፍአር እንዳላልኩሽ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ይሰናከላል። 1 ኤፍአር ብቻውን ሲሆን ያ አምድ በውስጡ ካለው ነገር ዝቅተኛ ስፋት በታች አይጠብም። የዋጋ ቴብልሽ ደግሞ በውስጡ ነው። በሚንሸራተት ዲቭ ብትከቺው እንኳ ግሪዱ የቴብሉን ሙሉ ስፋት ቆጥሮ አምዱን ይለጥጠዋል፣ ገጹም ወደ ቀኝ ይሾልካል። ዝቅተኛው ዜሮ ነው ስትይው አምዱ ይጠባል፣ መንሸራተቱም ሥራውን ይጀምራል። በስልኩ ንድፍ ውስጥ ግሪድ ስለሌለ ይህ ችግር እዚያ አይመጣም። መካከለኛ ስፋት ባላቸው ታብሌቶች ላይ ግን ጉድ ይሠራሻል።

ማውጫውን ስልክ ላይ በአግድም ለመደርደር ፍሌክስቦክስ ይሻላል፣ ፍሌክስ ራፕ ጨምሪለት፣ ሊንኮቹ ቦታ ሲያጡ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳሉ። የዕቃ ፎቶዎችን በካርድ ለመደርደር ግን እንደገና ግሪድ፦ ሪፒት፣ ኦቶ ፊል፣ ሚንማክስ 160 ፒክስልና 1 ኤፍአር። ስልክ ላይ ሁለት፣ ኮምፒዩተር ላይ እንደ ስፋቱ ከዚያ የበዛ ካርድ ራሱ ይደረድራል። ካርዶቹ ውስጥ ያሉት ዋጋዎች በአንድ መስመር ይዋሉልኝ ካልሽ ሰብግሪድ የሚባል አለ፣ ከ2023 ወዲህ ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ሁሉ ያውቁታል። ለዚህ ሥራ ግን የሚያስፈልግሽ አይመስለኝም። ቡትስትራፕ የተባለው ዝግጁ የስታይል ጥቅልም እንደዚሁ። አራት ክፍል ላለው የሱቅ ገጽ ደንበኛን ያን ያህል ፋይል በሞባይል ዳታው ማስወረድ ደግ አይደለም።

ግሪድና ፍሌክስቦክስ አንድ ወጥመድ አላቸው። ኦርደር በሚለው ትእዛዝ ወይም ቦታ በመስጠት ከታች የተጻፈውን ከላይ ማሳየት ትችያለሽ። የሚለወጠው ግን ለዓይን የሚታየው ብቻ ነው። ስክሪን ሪደርና በኪቦርድ ታብ የሚጓዝ ሰው ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ በተጻፈው ቅደም ተከተል ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እዚያው አስተካክይ፣ ስታይልሺቱ የተሳሳተ አጻጻፍ መሸፈኛ አይሁን።

የድሮ ስልክስ? ግሪድን የማያውቅ ብራውዘር ያን መስመር ዘሎት ያልፋል፣ ክፍሎቹን ከላይ ወደ ታች ይደረድራል። ገጹ አያምርም ይሆናል፣ ይነበባል ግን። ወንድምሽ ደንበኞች ኦፔራ ሚኒ በዳታ ቁጠባ የሚጠቀሙ ካሉት እዚያም ላይ ከፍተሽ እዪው። ሰነዱ ላይ ላንግ የሚለውን ኤኤም ማለትሽንም አትርሺ፣ ገጹ አማርኛ መሆኑን ብራውዘሩና ስክሪን ሪደሩ የሚያውቁት በእሱ ነው። የመስመሩን ከፍታም 1.6 አካባቢ አድርጊው። ፊደሎቻችን ከላቲን ትንንሽ ፊደላት ይልቅ ቁመታም ስለሆኑ በተለመደው ከፍታ መስመሮቹ ይተፋፈጋሉ።

ስለ ጎግል የሰማሽው ወሬ ነው። ገጹ በቴብል ስለተደረደረ ብቻ ጎግል ቅጣት አይጥልም። ጉዳቱ በሌላ በር ነው የሚመጣው። ጎግል ገጾችን የሚመዘግበው በዋነኛነት በስልክ የሚታየውን መልካቸውን አይቶ ነው። ስልክ ላይ የማይነበብ ገጽን ደግሞ ሰውም ዘግቶት ይወጣል። ቪውፖርቱን ስታስተካክይና አጽሙን ወደ ግሪድ ስታዞሪ ይህ ስጋት አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ውጭ በፍለጋ የሚያስገኝሽ ገጹ ላይ የተጻፈው ነገር ነው። «ደብተር በጅምላ» የሚል ጽሑፍ ምስል ውስጥ ከተቀበረ ግሪድም ቴብልም አያወጡትም።

የቀረው ኢሜይሉ ነው፣ እዚያ ምክሬ ይገለበጣል። በኢሜይል ውስጥ አቀማመጡንም በቴብል ሥሪው። ምክንያቱ አውትሉክ ነው። የዊንዶውስ አውትሉክ ከ2007 እትም ጀምሮ ኢሜይልን የሚያሳየው ማይክሮሶፍት ዎርድ ጽሑፍ በሚያሳይበት ሞተር ነው። ያ ሞተር ፍሌክስቦክስም ግሪድም አያውቅም። አዲሱ አውትሉክ ይህን ትቶታል፣ የድሮው ግን ቢሮዎች ውስጥ አሁንም አለ። የጽሕፈት መሣሪያ በካርቶን የሚገዛሽ ደግሞ ቢሮና ትምህርት ቤት ነው፣ እነሱ ጋ ተዘበራርቆ እንዲደርስ አትፈልጊም። 600 ፒክስል ስፋት ያለው ባለ አንድ አምድ ቴብል ይበቃል። ሮሉን ፕረዘንቴሽን አድርጊው፣ ስክሪን ሪደሩ እንደ ዳታ ቴብል ረድፍና አምድ እየቆጠረ እንዳያነበው። በውስጡ የሚገባው የዋጋ ዝርዝር ግን እውነተኛ ቴብል ስለሆነ ያ ሮል አይሰጠውም። ስታይሉን በየታጉ ላይ ጻፊው፣ የውጭ ስታይልሺት ኢሜይል ላይ አትመኚ።

ጠቅላላ ማስታወቂያውን ፎቶ አድርጎ መላክ ያጓጓል። ብዙ የኢሜይል ፕሮግራሞች ምስልን ተቀባዩ እስኪፈቅድ ድረስ ይደብቃሉ፣ ስለዚህ ደንበኛው የሚያየው ባዶ ሳጥን ይሆናል። ርዝመቱንም ተጠንቀቂ። ጂሜይል ኮዱ ከ102 ኪሎባይት ገደማ ያለፈ ኢሜይልን ከመሃል ቆርጦ የቀረውን ከአንድ ሊንክ ጀርባ ያስቀምጠዋል። በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒዩተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት ኮድ) አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፣ በየሴሉ የሚደጋገመው ስታይል ሲጨመርበት ገደቡ ሳታስቢው ይደርሳል። ስለዚህ ኢሜይሉ ላይ ቅናሽ ያላቸውን አምስት ስድስት ዕቃ ብቻ አስቀምጪ፣ ሙሉውን ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ ላለው ቴብል በሊንክ አገናኚው። ለደንበኞች ከመላክሽ በፊት ግን ለራስሽ ጂሜይልና የድሮው አውትሉክ ላለው አንድ ሰው ልከሽ እዪው።